አብሮ በራሪ ፍለጋ፦ ከባሕር ዳር አርባ ምንጭ፣ በእጅ በተገጣጠመች ባለ ሁለት መቀመጫ

ክንፈ ጣና

ጤና ይስጥልኝ። ከኪት (ለመገጣጠም ተዘጋጅቶ ከሚሸጥ የአውሮፕላን ዕቃ) የተገጣጠመች፣ ጎን ለጎን ሁለት መቀመጫ ያላት፣ ሮታክስ 912 ዩኤልኤስ ሞተር የተገጠመላት አውሮፕላን አለች። ባዶ ክብደቷ 372 ኪሎ፣ ይዛ እንድትነሳ የተፈቀደላት ጠቅላላ ክብደት 600 ኪሎ። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ 18 ሊትር ትጠጣለች። የሙከራ በረራ ሰዓቷን ጨርሳለች። መስመሩ ባሕር ዳር፣ ደጀን፣ አዲስ አበባ፣ አርባ ምንጭ፤ በድምሩ 680 ኪሎ ሜትር ገደማ። ፈቃዱ በሲቪል አቪዬሽን በኩል እየታየ ነው፣ እሱን ለባለሥልጣኑ እንተወው። የጎደለው አብሮ የሚበር ሰው ነው። ማስታወቂያ ልለጥፍ አስቤያለሁ፤ አብራሪ ልፈልግ፣ መካኒክ፣ ወይስ ሰማይ የሚወድ ጨዋ ሰው ይበቃል?

ማርቆስ82

"ሰማይ የሚወድ" የሚለውን አውጣው። ሰማይ የሚወድ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ሲቀርጽ ነው የሚውለው። ይልቅ ኪሎውን ጻፍ።

የሚዛን ሰው

ማርቆስ ልክ ነው፣ ግን ኪሎው ከየት እንደሚመጣ እናሳየው። ሰው ከመምረጥ በፊት መደመር ይቀድማል።

600 ሲቀነስ 372፣ 228 ኪሎ። አንተም፣ እሱም፣ ሻንጣውም፣ ነዳጁም፣ የምትጠጡት ውሃም እዚህ ውስጥ ነው። አንተ 74 ነህ እንበል፣ እሱ 78፣ ሻንጣ 10። 162 ሄደ፣ ለነዳጅ 66 ኪሎ ቀረ። ቤንዚን በሊትር 0.72 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን 91 ሊትር ይሆናል፤ በ18 ሲካፈል አምስት ሰዓት። የአንድ ሰዓት መጠባበቂያ ሲቀነስ አራት ሰዓት፣ ማለትም 720 ኪሎ ሜትር።

አሁን ሰውየውን 95 ኪሎ አድርገው። የ17 ኪሎው ልዩነት ከነዳጁ ላይ ይነሳል፤ 23 ሊትር ተኩል። ያ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ በረራ ነው፣ 235 ኪሎ ሜትር። በ78 ኪሎው ሰው አርባ ምንጭ በአንድ ትንፋሽ በወረቀት ላይ ይደረሳል፤ በ95ቱ አዲስ አበባ ወርዶ መቅዳት ግድ ነው። በወረቀት ላይ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፦ 20 ኪሎ ሜትር የፊት ነፋስ ከመጣ 720ው 640 ይሆናል፣ መንገዱ ደግሞ 680 ነው። ስለዚህ በቀላሉም ሰው ቢሆን መቅጃ ቦታ ታስቦ ይነሳል።

ሰው ኪሎው ሲጠየቅ የሚናገረው ከሦስት ዓመት በፊት የነበረውን ነው። የእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ አቁመው፣ ከነጫማው፣ ከነጃኬቱ፣ ከነስልኩ። ጋቢ ይዤ እመጣለሁ ካለም ከነጋቢው፤ ደህና ጋቢ ከኪሎ በላይ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሸክሙ የት ላይ ይውላል የሚለው ነው። ብዙ ሰው ድምሩ 600 ከሞላ የጨረሰ ይመስለዋል። ለምሳሌ የሚሆን ስሌት ልስጥህ፣ ርቀቶቹን በራስህ አውሮፕላን መዝገብ ቀይራቸው። ርቀት ስል ከመለኪያው መነሻ ያለውን ነው። ባዶዋ አውሮፕላን 372 በ1.62 ሜትር ሲባዛ 602.6። ሁለት ሰው 152 በ1.95፣ 296.4። ነዳጅ በ1.50፣ ሻንጣ በ2.60። የተፈቀደው የክብደት ማዕከል ከ1.64 እስከ 1.73 ሜትር ነው እንበል።

ሻንጣው 10፣ ነዳጁ 66 ሲሆን የሁሉም ድምር 1,024 ነው፤ ለ600 ሲካፈል 1.707። ሲነሱ ደህና ነው። ነዳጁ አልቆ 10 ኪሎ ሲቀር ክብደቱ 544፣ ማዕከሉ 1.728። አሁንም ደህና ነው፣ ግን ጫፍ ላይ ነው። ነዳጁ ከማዕከሉ በፊት ስለሚቀመጥ ሲያልቅ አፍንጫው ይቀላል፣ ጭራው ይከብዳል።

አሁን ተጓዡ "ትንሽ ማር ለዘመድ" ብሎ ሻንጣውን 20 ያድርሰው፣ አንተም ለማቻቻል ነዳጁን 56 አድርገው። ሲነሱ 1.725፣ በወሰኑ ውስጥ ነው። በ10 ኪሎ ነዳጅ ስታርፉ ግን 1.744፣ ከወሰኑ ውጭ! ችግሩ የሚመጣው ለማረፍ ፍጥነት ስትቀንስ፣ መሪው ሲላላና አፍንጫው አልወርድ ሲል ነው። ስለዚህ ስሌቱ ሁለት ጊዜ ይሠራል፣ በመነሻው ነዳጅና በማረፊያው ነዳጅ። አብሮህ የሚበረው ሰው ይህችን ወረቀት አንብቦ ካልፈረመ ማር ይዞ መምጣቱ አይቀርም።

ሰው ከማስቀመጥህ በፊት ደግሞ አሸዋ አስቀምጥ። በጆንያ 20፣ 20 ኪሎ ሞልተህ በ40፣ በ60፣ በ80 ደረጃ በደረጃ ብረር፤ በየደረጃው የመነሻውን ርቀትና በደቂቃ ስንት ጫማ እንደምትወጣ መዝግብ። የጎን መሪው ተነቅሎ ይውጣ። ጆንያው በቀበቶው ይታሰር፣ በላዩ ሌላ ገመድ ይግባ። ያልታሰረ ጆንያ መሪው ላይ ከተንሸራተተ አውሮፕላኗ ትታሰራለች።

ክንፈ ጣና

ስሌቱን በራሴ ቁጥር ሠርቼ አመጣለሁ። ግን ማስታወቂያ ላይ "ከ78 ኪሎ ያልበለጠ" ብሎ መጻፍ ነውር አይሆንም?

ማርቆስ82

ነውሩ ሜዳ ላይ ሻንጣውን ይዞ ከመጣ በኋላ "አንተ ቅር" ማለት ነው።

መካኒክ ቡሬ

አብራሪ ወይስ መካኒክ ለሚለው፣ እኔ መካኒክ እላለሁ። ይህች አውሮፕላን መንገድ ላይ ብትቆም ዕቃ የሚሸጥላት ሱቅ የለም። 680 ኪሎ ሜትር ላይ ሁለተኛ አብራሪ የሚሠራው ሥራ ጥቂት ነው፤ ሻማ መንቀል፣ የካርቡሬተር ሳህን መክፈት፣ የቧንቧ ልቅታ ማየት የሚችል እጅ ግን አርባ ምንጭ ላይ ቀን ያድናል። መሣሪያው ከ3 ኪሎ አይለፍ፦ የሻማ ቁልፍ፣ ሁለት ትርፍ ሻማ፣ የሽቦ መቁረጫ፣ የመቆለፊያ ሽቦ፣ የቧንቧ ክላምፕ፣ ትንሽ የጎማ መንፊያ፣ አንድ የውስጥ ጎማ።

ነዳጁን በተመለከተ፣ 912 ዩኤልኤስ 95 ኦክቴን ይፈልጋል። ትንሹ 912 ዩኤል ነው በ90 የሚረካው፤ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ትልልቁ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የጄት ነዳጅ ነው፣ ላንተ አይሆንም። ስለዚህ ቤንዚን በጀሪካን ከውጭ ይገባል፣ ለዚያም ፈቃድና ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ አውሮፕላኗ ዘንድ ይቆማል፣ ሌላው ይሄዳል። አብሮ በራሪው የሚፈተንበት አንዱ ቦታ ይኸው ነው።

ጀሪካኑ ሲሞላ መሬት ላይ ይቀመጥ እንጂ መኪናው ላይ አይሁን፤ ፕላስቲክ በፕላስቲክ ላይ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። አልኮል የተቀላቀለበት መሆኑን ለማወቅ ምልክት ባለው ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 90 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ጨምረህ ናጥና አስቀምጥ። ታች ያለው ውሃ ከ10 በላይ ከሆነ አልኮል አለበት። ሮታክስ እስከ 10 በመቶ ይችላል። ታንክህና ቧንቧህ ግን ሮታክስ የሠራቸው አይደሉም፣ ማሸጊያው ይችል እንደሆነ የኪቱን መመሪያ ተመልከት። በማጣሪያ ፈንጠል ቅዳ፣ ሩብ ሰዓት አስተኛ፣ ከዚያ ከታችኛው መክፈቻ ቅዳና ውሃ ካለበት እይ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የመኪና ቤንዚን በከፍታና በሙቀት ቶሎ ይተናል። ፀሐይ ላይ ቆሞ የጋለ ሞተር ወዲያው ሲነሳ ቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይዞ ሊንተፋተፍ ይችላል። ከመነሳትህ በፊት ሙሉ ጉልበት አድርገህ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይ፣ የነዳጅ ግፊቱን እያየህ።

ደጀን ማዶ

ቡሬ፣ በመካኒኩ አልስማማም። መካኒክ በስልክ ይገኛል፣ ዕቃም በአውቶቡስ ይላካል። ዓባይ በረሃ መሀል ላይ በስልክ የማይገኘው ሁለተኛ ዓይን ነው።

ልጄ ክንፈ፣ ካርታውን አውጣ። ከደጀን አፋፍ እስከ ጎሐ ጽዮን አፋፍ በቀጥታ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አፋፉ 2,450 ሜትር ገደማ፣ ወንዙ ከዚያ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ። ታች የሚያርፉበት ሜዳ የለም፤ ገደል፣ ድንጋይና ጠመዝማዛ አስፋልት ነው። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስትሄድ በእይታ በረራ የሚፈቀድልህ ከፍታ ባለ ጎዶሎ ሺህ ላይ 500 ጫማ ተጨምሮ ነው፦ 9,500፣ 11,500፣ 13,500። 9,500 ለዚህ አገር ዝቅ ይላል። 11,500 ጫማ 3,500 ሜትር ነው፣ ከአፋፉ በላይ 1,050 ሜትር ብቻ። ሞተር የቆመባት እንዲህ ያለች አውሮፕላን ለአንድ ሜትር ውድቀት ዘጠኝ ሜትር ብትንሸራተት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ተኩል ትሄዳለች። መሀሉ ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ግማሽ ኪሎ ሜትር ጎደለህ፣ ያውም ነፋስና የሚያወርድ አየር ሳይታሰብ።

ስለዚህ ከደጀን በፊት አብሮ በራሪው ሦስት ነገር በአፉ ይናገር፦ የዘይት ግፊት፣ የሲሊንደር ሙቀት፣ የነዳጅ ግፊት። ሦስቱ ከደብረ ማርቆስ ላይ ከነበሩበት ካልተነቃነቁ ይታለፋል። አንዱ ከተነቃነቀ ደብረ ማርቆስ ከኋላችሁ አለ። መሀል ላይ ሞተር ቢቆም ወደየትኛው አፋፍ እንደምትዞሩ ከመግባታችሁ በፊት ተወስኖ ጮክ ተብሎ ይነገር፤ እስከ መሀሉ ወደ ደጀን፣ ካለፈ ወደ ጎሐ ጽዮን። መሀሉን በሰዓት ያዝ፤ በ180 ፍጥነት ከአፋፍ እስከ መሀል ሦስት ደቂቃ ተኩል አይሞላም። ሰዓቱን የሚይዘው አብሮ በራሪው ነው።

ይህን ለመሥራት የግድ አብራሪ መሆን አያስፈልግም። የሚያነብ፣ የሚናገርና የሚያፍር ያልሆነ ሰው ይበቃል። የሚያፍረው ሰው ነው ክፉ። ቁጥሩ ሲወርድ እያየ "ምናልባት እንዲህ ነው የሚሠራው" ብሎ ዝም የሚል፣ አብራሪው ቅር እንዳይለው። ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ውል ይኑር፦ ከሁለታችሁ አንዱ "እንመለስ" ካለ ምክንያት ሳይጠየቅ ይዞራል፣ ምክንያቱ መሬት ላይ ይወራል።

ማርቆስ82

ጋሼ እንዳሉት ነው። የግድ አብራሪ ይሁን የሚሉ ሰዎች የእ.ኤ.አ. 1986ቷን ቮየጀር አውሮፕላን ይጠቅሳሉ፤ ዲክ ሩታንና ጂና የገር ነዳጅ ሳይቀዱ ዓለምን ሲዞሩ ሁለቱም አብራሪ ነበሩ። እነሱ ግን ዘጠኝ ቀን ነው በአየር ላይ የቆዩት፣ አንዱ ሲተኛ ሌላው መያዝ ነበረበት። ይሄ አራት ሰዓት ነው፣ ማንም አይተኛም።

አብራሪ ካልሆነ የጎን መሪውን ንቀለው። እግሩ ፔዳሉ ላይ እንዳይወጣ ወንበሩ ወደ ኋላ ይሁን። የቦርሳ ማንገቻ፣ የጫማ ክር፣ የወደቀ ስልክ፣ ሦስቱም ፔዳል ያስራሉ።

የጮቄ ንፋስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሚዛኑንና ገደሉን አይታችኋል፣ የቀረው አየሩና ሰውነት ነው። በዚህ በኩል ሰው ሲመረጥ አይታይም፣ ሲበር ግን ይታያል።

መጀመሪያ ከፍታው። ባሕር ዳር 6,000 ጫማ ገደማ ላይ ነው። ለዚያ ከፍታ "ልከኛ" የሚባለው ሙቀት 3 ዲግሪ ነው። ከቀትር በኋላ 28 ዲግሪ ሲሆን በ25 ዲግሪ ይበልጣል፤ ለየዲግሪው 120 ጫማ ስትደምሩ ክንፉም ሞተሩም 9,000 ጫማ ላይ ያሉ ይመስላቸዋል። ተርቦ (አየር መጭመቂያ) የሌለው ሞተር በየሺህ ጫማው 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ስለዚህ 100 የፈረስ ጉልበቱ ወደ 75 ይወርዳል። አዲስ አበባ ቦሌ በ22 ዲግሪ ደግሞ ከ10,000 ጫማ ይበልጣል። ክብደት በ10 በመቶ ሲጨምር የመነሻው ርቀት በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የባሕር ዳር መንደርደሪያ ረጅም ስለሆነ መነሳቱ አያስቸግርም፣ የሚያስቸግረው ከተነሱ በኋላ አለመውጣቱ ነው። መነሻው ጠዋት 12፡45 ይሁን። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ዓባይ በረሃ ይሞቃል፣ አየሩ መናጥ ይጀምራል፣ ጆፌ አሞራውም ይወጣል። አሞራ ፊት ለፊት ከመጣ ብዙ ጊዜ ወደ ታች ይወረወራልና ወደ ላይ ነው የሚሸሸው። አብሮ በራሪው ዓይኑ ውጭ ይሁን።

ኦክስጅን። 11,500 ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ስለምትቆዩ፣ ከ10,000 ጫማ በላይ የሚለውን ዓለም አቀፉን ልማድ ያዙ። የአሜሪካኑ ሕግ ለአብራሪው ከ12,500 ነው የሚጀምረው፣ ግን ጥግ ላይ ቆሞ ሕግ መቁጠር አያዋጣም። በአፍንጫ ቱቦ ለአንድ ሰው በ10,000 ጫማ በደቂቃ 1 ሊትር ይታሰባል፤ 11,500 ላይ 1.15። ለሁለት ሰው ለሦስት ሰዓት 414 ሊትር ነው። ያን ያህል የምትይዝ ትንሽ የአሉሚኒየም ጠርሙስ ከነመቆጣጠሪያዋ 3 ኪሎ ገደማ ናት። የሚዛን ሰው፣ ይህ ከ10 ኪሎው ሻንጣ ላይ ይነሳ፤ የቡሬ መሣሪያም 3። ለልብስና ለውሃ 4 ኪሎ ቀረ ማለት ነው። ቫዝሊን፣ የከንፈር ቅባት፣ ፀጉር ላይ ያለ ቅቤ ከኦክስጅኑ ጋር አይገናኝ፤ ቅባትና ንጹሕ ኦክስጅን ይቀጣጠላሉ።

የጣት ኦክስጅን መለኪያ ይግዛ። መጀመሪያ መሬት ላይ የሁለቱም ቁጥር ይጻፍ፣ ከዚያ በየ20 ደቂቃው ይነበብ። ከ90 በመቶ በታች ከወረደ ጠርሙሱ ይከፈት ወይ ይወረድ። ደጋ ያደገ ሰው ይሻላል ተብሎ አይታለፍ። ከኦክስጅን እጥረት የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ደስታ ነውና ሁለታችሁም ያለ ምክንያት መሳቅ ከጀመራችሁ ጣታችሁን አስገቡ።

ጾም። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም፣ የሚጾም ሰው እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆዱን ነው። ባዶ ሆድ ከከፍታና ከመናጥ ጋር ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ያመጣል። ቀኑ ከጾም ውጭ ይመረጥ፣ ሰውየውን ግን በጾሙ አትከራከሩት። ከበረራ በፊት ባለው ማታና ጠዋት ባቄላ፣ አተርና ሽሮ ይቅር፤ ሆድ ውስጥ ያለ አየር ከባሕር ዳር እስከ 11,500 ሩብ ያህል ይነፋል። አረቄና ጠላ ካለ፣ የአሜሪካን አብራሪ ሕግ 8 ሰዓት ይላል፣ እዚህ 24 በሉት። ጉንፋን የያዘው ሰው አይሳፈር፤ መውጣቱ ቀላል ነው፣ ሲወረድ ጆሮ ይዘጋል፣ ያማል። ጤነኛም ቢሆን በደቂቃ ከ500 ጫማ በላይ አትውረዱ። በዚያ ከፍታ ጠዋት ብርዱ ወደ ዜሮ ይጠጋል።

ሽንት ቤት የለም። አፈ ሰፊ ክዳን ያለው ጠርሙስ ይያዝ፣ ስለሱ ከመነሳት በፊት ይወራ፣ ቡና ከሁለት ስኒ አይለፍ። በዚህ ጉዳይ የሚያፍር ሰው ውሃ መጠጣት ያቆማል፣ ውሃ ያቆመ ሰው ደግሞ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ራሱን ይይዛል።

ደጀን ማዶ

እትዬ፣ ስለ ጠርሙሱ እውነትዎን ነው፣ ይህን ማስታወቂያ ላይ የሚጽፍ ግን አላየሁም።

የጮቄ ንፋስ

ማስታወቂያ ላይ አይጻፍ፣ በሙከራው በረራ ላይ ይነገር።

ክንፈ ጣና

የሙከራ በረራ ከእሱ ጋር ስንት ጊዜ ይበቃል?

ደጀን ማዶ

ሦስት። አንደኛው ግማሽ ሰዓት፣ ጭስ ዓባይ ደርሶ መመለስ። የሚታየው ሲያቅለሸልሸው ይናገራል ወይስ ይደብቃል፣ ራዲዮ ሲመጣ አፉን ይዘጋል ወይስ ያወራል፣ እጁ ዝም ብሎ ይቀመጣል ወይስ ቁልፍ ይነካካል። ሁለተኛው ደብረ ማርቆስ ላይ ዞሮ መመለስ፣ 300 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ሰዓት ከአርባ። እዚህ ሥራ ይሰጠዋል፦ በየ30 ደቂቃው ታንክ የሚቀየርበትን ሰዓት መጥራት፣ ቁጥሮቹን መጻፍ። ታንኩን የሚቀይረው ግን አንተ ነህ፣ እሱ አይነካውም። ሦስተኛው በሙሉ ክብደት፣ በእውነተኛው ሻንጣ፣ በእውነተኛው ሰዓት።

በሦስቱም መካከል የሚማረው ይህ ነው። በሩ ወይም መስታወቱ በአየር ላይ ቢከፈት ድምፁ ያስፈራል፣ አውሮፕላኗ ግን ትበራለች፤ እሱ አይያዘው፣ አንተ በረራውን ትቀጥላለህ። እሳት ማጥፊያው የት እንዳለ በጨለማ ይንካው። አንተ ራስህን ብትስት አውቶፓይለቱ ላይ ክንፍ አስተካካይ ቁልፍ ካለ ያን መጫን፣ የአደጋ ጊዜ የራዲዮ ሞገድ በሆነው 121.5 ላይ መናገር፣ ትራንስፖንደሩን (ለራዳር መለያ ቁጥር የሚልከውን መሣሪያ) የአደጋ ቁጥር በሆነው 7700 ላይ ማድረግ። በጎን መሪ መንቀል ላይ ከማርቆስ ትንሽ እለያለሁ፦ ሦስቱን ሙከራ በደንብ ያለፈ ሰው ከሆነ መልሰህ ግጠምለት፣ ክንፍ ቀጥ አድርጎ መያዝ በሁለት ሰዓት ይለመዳል።

ዘጌ

ከዚህ በፊት ያልበረርኩ ነኝ፣ ከነጫማዬ 71 ኪሎ። ለአብሮ በራሪነት ልጠይቅ እያሰብኩ ነው። እኔስ ባለቤቱን ምን ልጠይቀው?

መካኒክ ቡሬ

ይህ ጥያቄ ሳይነሳ መቆየቱ ገርሞኛል። ሞተሩ ስንት ሰዓት ሠርቷል፣ አውሮፕላኗስ? ሁለቱ ከተለያዩ ለምን? መጨረሻ ዘይትና ማጣሪያ የተቀየረው መቼ ነው፣ ማጣሪያው ተቆርጦ ውስጡ ታይቷል ወይ? ሞተሩ ላይ ያለው የጎማ ቧንቧ ስንት ዓመቱ ነው? ሮታክስ ጎማ ነክ ዕቃዎቹን በየአምስት ዓመቱ ቀይሩ ይላል፣ በእጅ በተሠሩት ላይ የሚረሳው እሱ ነው። የማርሽ ሳጥኑ መቼ ታየ? ታንኩ በሙሉ ክብደት ከስንት ሊትር በታች መምጠጥ ያቆማል፣ በልኬት ነው ወይስ በግምት? 406 ሜጋኸርዝ የአደጋ ጊዜ አስተላላፊው ተመዝግቧል? መዝገቡን እሰኪ አሳየኝ በለው። ደስ ብሎት የሚያሳይ ሰው ጋር ሂድ።

ሌላ፦ በአሜሪካ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ውስጥ፣ ተሳፋሪው የሚያየው ቦታ ላይ፣ በአማተር የተሠራ መሆኑንና የመደበኛ አውሮፕላን የደኅንነት ደንብ የማያሟላ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ መለጠፍ ግዴታ ነው። እዚህም በአማርኛ ቢለጠፍ ጥሩ ነው። ደግሞም በዚያ አገር የሙከራ ሰዓቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ 25 ወይም 40፣ እስኪያልቅ ተሳፋሪ አይጫንም። እዚህ የሚጠይቅ ባይኖር አንተ ጠይቅ።

ማርቆስ82

ገንዘቡንም ጠይቅ። አሜሪካ ውስጥ የግል ፈቃድ ያለው አብራሪ ከተሳፋሪው ጋር ወጪ ሲካፈል ከድርሻው ያነሰ መክፈል አይችልም፤ ሁለት ሰው ከሆኑ ቢያንስ ግማሹን ይከፍላል። የሚካፈሉትም ነዳጅ፣ ዘይት፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ወጪና የአውሮፕላን ኪራይ ብቻ ነው፣ የሞተር ዕድሳት አይገባም። ለሕዝብ "ተሳፋሪ እፈልጋለሁ" ብሎ ዋጋ መለጠፍ ደግሞ የንግድ በረራ ያስመስለዋል። የእኛ ባለሥልጣን ምን እንደሚል ቀድሞ ይጠየቅ፣ እስከዚያ ማስታወቂያው ላይ ዋጋ አይግባ። በዚህ ስሌት 680 ኪሎ ሜትር በ180 ሲካፈል 3 ሰዓት ከ47 ደቂቃ፣ 68 ሊትር ነው። ለመሬት ላይ መንቀሳቀሻና ለመውጫ 8 ሊትር ጨምሩ፤ 76፣ ለእያንዳንዳችሁ 38 ሊትር።

የሚዛን ሰው

ዘጌ 71 ከሆነ ከ78ቱ 7 ኪሎ ይተርፋል። 9 ሊትር ከምን፣ የግማሽ ሰዓት በረራ። ለማር አይደለም!

ክንፈ ጣና

ማስታወቂያው እንዲህ ሆኗል፦

"ከባሕር ዳር አርባ ምንጭ በእጅ በተገጣጠመች ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን አብሮኝ የሚበር ሰው እፈልጋለሁ። ከነጫማው ከነጃኬቱ ከ78 ኪሎ የማይበልጥ፣ በሚዛን የሚታይ። ቁጥር አንብቦ ጮክ ብሎ የሚናገር። የአብራሪ ፈቃድ አይጠየቅም። ሦስት የሙከራ በረራ አለ፤ ከሦስቱ በኋላ ሁለታችንም 'አይሆንም' ማለት እንችላለን። አውሮፕላኗ በአማተር የተሠራች ናት፣ መዝገቧ ለማየት ክፍት ነው። ጊዜው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ፣ ከጾም ቀናት ውጭ፣ መነሻ ጠዋት 12፡45። አየሩ ካልፈቀደ ወይም አንዳችን 'እንመለስ' ካልን ይቀራል፣ ስለዚህ በማግሥቱ የሚያጣድፍ ጉዳይ ያለበት ሰው አይምጣ። ሻንጣ 4 ኪሎ።"

የጮቄ ንፋስ

ጥሩ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ጊዜው ይበቃችኋል። 4 ኪሎው የእሱ ነው ወይስ የሁለታችሁ?

ክንፈ ጣና

የሁለታችን። ለእሱ 2 ኪሎ ነው፣ ውሃውን ጨምሮ። አስተካክያለሁ።

ዘጌ

2 ኪሎ ከሆነ ጋቢው ቀረ። መዝገቡን ለማየት የትኛው ቀን ይመችሃል?